ሳውና የገባው ጠመንጃ

ሂልያ ራውቲዮ ባሏ ሲቀበር አላለቀሰችም። ይህን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የሚያደንቃትም የሚያማትም በዚሁ ነው። አጋዘን ጠፍቶባት ማልቀሷን ግን የሚያውቅ ዋይኖ ብቻ ነው። ዋይኖ የሟቹ የሱሎ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሚስት ሳያገባ ያረጀ፣ ከመንገዱ ማዶ ብቻውን የሚኖር፣ ምላሱ ስለታም ሆኖ ሳለ ወሬ የማያወጣ ሰው። እሷን ለመስደብ አፉ አይያዝም፤ የእሷን ገመና ለሌላ ለመንገር ግን አፍ የለውም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት አደን በተከፈተበት ዕለት ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከሂልያ ማማ በኩል ሦስት ጥይት ጮኸ። በላይኛው ሚሺጋን ያለ አዳኝ ሁሉ እንደሚለው አንድ ጥይት ሥጋ ነው፣ ሁለት ጥይት ምናልባት ነው፣ ሦስት ጥይት ባዶ እጅ ነው። ዋይኖ የእጅ ባትሪውን ይዞ መጣ። ሁለቱ ዋርሳዎች ደሙን እየተከተሉ እስከ ረግረጉ ወረዱ፤ እዚያ ዱካውም ደሙም ውሃ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሂልያ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በጓንቷ ሸፍና አለቀሰች።

«ስቃዩን ሰጥቼ ሞቱን ነሳሁት» አለች። «ይህ ጠመንጃ ካልተስተካከለ ማማው ላይ ሁለተኛ አልወጣም።»

ዋይኖ ያቺን ሴት ያውቃታል። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠላሳ ዓመት ያህል ምግብ ስትሠራ፣ አንድ ቀን «ዳግመኛ የቆርቆሮ አተር አልከፍትም» ብላ ነበር፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የቆርቆሮ አተር ለጠየቃት ሁሉ ጀርባዋን ሰጥታለች። አልወጣም ካለች አትወጣም።

አለመውጣት ደግሞ ለሌላው ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ አይደለም። ማማው ያለው እሷና ሱሎ ድንጋዩን በእጃቸው ለቅመው ካቀኑት የድርቆሽ ማሳ ዳር ነው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ መክፈቻው ሲደርስ እሱ በአንዱ ጫፍ፣ እሷ በሌላው ጫፍ ይቀመጡ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ የእሱን ጠመንጃ ይዛ፣ በእሱ ማማ ላይ ትቀመጣለች። ዓመቱን ሙሉ ስሙን እንኳ የማታነሳ ሴት እዚያ ስትወጣ ታነጋግረዋለች፤ ስለ ጣሪያው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ዋይኖ ምላስ። ያንን ማማ መተው እሱን ሁለተኛ መቅበር ነው የሚሆንባት።

የጠመንጃው ብረት ምንም አልሆነም፤ ሕመሙ ከእንጨቱ ነበር። ሰደፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የጠረበው ሱሎ ራሱ ነው፤ ነፋስ ከጣለው የሜፕል ዛፍ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ምድጃ ዳር ተቀምጦ። ሲጠርበው የለካው በራሱ ረጅም ክንድ ነው። ሂልያ ደግሞ እንቁላል ልታመጣ ስትሄድ በረዶ አዳልጧት የትከሻዋ አጥንት ከተሰበረ በኋላ፣ አጥንቱ አጥሮ ነው የገጠመው። ሰደፉ ብብቷ ሥር ይያዛል፤ ዓይኗ ከማነጣጠሪያው መነጽር አይደርስም፤ አንገቷን እንደ ዝይ ካልመዘዘች አይታያትም። በዚያ ላይ እንጨቱ ውሃ ይጠጣል። መኸር ላይ ዝናብ ሲመታው ያብጥና አፈሙዙን ይገፋል፤ ትናንት የመታበትን ዛሬ አይመታም።

«ሁለት ጣት ያህል ከኋላው እንቁረጥለት» አለ ዋይኖ፣ በበጋው መጨረሻ። «ክንድሽ ካጠረ እንጨቱም ይጠር። ውፍረቱንም ከውስጥ እፍቅልሻለሁ።»

ሰደፉን የዋይኖ ጋራዥ ውስጥ ሞርሳ ላይ አሰሩት። ዋይኖ መጋዙን አስቀመጠበት፤ ትንሽ ቆየና አነሳው።

«መጋዙ ደንዟል» አለ።

መጋዙ በቀደም የተሳለ ነው። ሂልያ ሲስለው አይታዋለች። «አምጣ፣ እኔ ልቁረጠው» ብላ ተቀበለችው። ሱሎ ጉንጩን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ለቆ እንጨቱ ነጥቷል። ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ። እሷም መጋዙን አስቀመጠች፤ እሷም አነሳችው።

«እውነትህን ነው፤ ደንዟል» አለች።

ከዚያ በኋላ ስለ መቁረጥ የተናገረ የለም። በማግስቱ ሂልያ መኪናዋን አስነስታ ከተማ ወረደች፤ ብረቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ አዲስ ሰደፍ ልትፈልግለት።

ባለሱቁ መጀመሪያ ያመጣላት ፕላስቲክ ነበር። በጣቷ ቆረቆረችው፤ እንደ ባልዲ ጮኸ። ፊት ለፊቱን በእጇ ጨበጥ ስታደርገው ታጠፈ። «ይኼማ ላም ለማለብ ነው» ብላ መለሰችለት። ሁለተኛው ከመስታወት ክር የተሠራ፣ ድርቅ ያለ፣ የሚያምር፣ ላባ የሚያህል ነበር። ችግሩ ቅለቱ ነው፤ ቀላል ጠመንጃ ሲተኮስ ይረግጣል፤ የእሷ ትከሻ ደግሞ ከእንግዲህ መረገጥ አይፈልግም። ሦስተኛው ስስ የበርች ዛፍ ሳንቃ እየተደራረበ በሙጫ የተጣበቀ፣ ግራጫና ቡኒ መስመር ያለው፣ ከበድ ያለ ነበር። አጭር ነው። ሙጫው ስለያዘው ውሃ አይጠጣም።

ሱሎ አንድ ጊዜ ነግሯታል፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ አንሺው፣ ስትከፍቺው ማየት ያለብሽን ካላየሽ ያንቺ አይደለም ብሎ። ሱቁ መሐል ቆማ ጨፍና አነሳችው። ስትከፍት ዓይኗ መነጽሩ ሊኖርበት ከሚገባው ቦታ ጋር እኩል ሆኗል፤ ትከሻዋም አልተናገረም። በሕይወቷ ለእሷ ተለክቶ የተሠራ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አርፎ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባት፤ ደስም አላት፣ አፈረችም።

ዋይኖ ሲያየው የዓይን መነጽሩን አወለቀና እንደገና አደረገው።

«ኮምፔንሳቶ ነው የገዛሽው?»

«በርች ነው።»

«ኮምፔንሳቶ ነው። ኮምፔንሳቶ የዶሮ ቤት ይሠራበታል።»

«የዶሮዎቼ ቤት አንተ ከምትተኛበት ይሻላል። አያፈስም።»

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ዋይኖ ግን እዚያ ላይ ማቆም አልቻለም። ሰደፉን አገላብጦ አየና፣ «እንግዲህ ሱሎን ከትከሻሽ አወረድሽው በይኛ» አለ።

ሂልያ ሰደፉን ከእጁ ወስዳ መንገዱን ተሻገረች። ሁልጊዜ ስትጋግር የምትልክለት ሄል የገባበት ዳቦ ያን ሰሞን ቀረበት። እውነቱን ለመናገር፣ ያመማት ቃሉ ሐሰት ስለሆነ አልነበረም፤ እሷም ለራሷ ያንኑ ስትል ስለከረመች ነው።

መክፈቻው ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዋይኖ መሮውን በጨርቅ ጠቅልሎ በሯ ላይ ቆመ።

«ሙጫ ብቻሽን ልታቦኪ ነው?» አለ። «የትምህርት ቤት ገንፎ መሰለሽ እንዴ?»

«ገንፎዬን ያማ ልጅ የለም። ግባ፣ ብርድ አታስገባብኝ።»

ይቅርታ ማለት ለራውቲዮ ዘር እንዲህ ነው፤ ከዚህ በላይ የጠበቀ አይኖርም።

የተገዛ ሰደፍ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ የተሠራው ለብዙ ጠመንጃ ነው፤ ለአንድ ጠመንጃ አይደለም። ብረቱ ሲቀመጥበት አንድ እግሩ እንዳጠረ ጠረጴዛ ይንገዳገዳል። ስለዚህ ብረቱ የሚያርፍበት ጉድጓድ በመሮ ይፋቅና፣ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆን ሙጫ ይሞላበታል፤ ብረቱ እዚያ ላይ ይጫናል፤ ሙጫው ሲደርቅ የብረቱን መልክ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ብረቱ በራሱ ልክ በተነጠፈ አልጋ ላይ ይተኛል። አንድ ነገር ብቻ አይረሳም፤ ብረቱ መጀመሪያ ሰም ይቀባል። ሰም ያልተቀባ ብረት ከእንጨቱ ጋር ተጋብቶ ይቀራል፤ ያ ጋብቻ ደግሞ ፍቺ የለውም።

ዋይኖ ፋቀ። ሂልያ ምላጩን ከነዕቃው ፈታች፤ ቀዳዳዎቹን በልጆች መጫወቻ ጭቃ ደፈነች፤ ብረቱን በጥቁር የጫማ ቀለም፣ ሰም በበዛበት፣ አሸችው። ዋይኖ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ መረመረ።

«እዚህ ጋ ቀለሙ አልነካም።»

«ነክቷል።»

«አልነካም እልሻለሁ።»

ደግማ ቀባችው። ሙጫውን እሷው አዋሐደችው፣ በእንጨት ማንኪያ፤ ሳትቸኩል፣ አየር ሳታስገባ፣ ድስቱ ሥር እንዳይዝ እንደምትፈራ ሴት። ብረቱን አስቀመጡት፤ ብሎኖቹን ለስለስ አድርገው አጠበቁ፤ የተረፈው ሙጫ በዳርና ዳር ወጣ፣ ጠረጉት። እስከዚህ ድረስ ሥራው እንከን አልነበረበትም።

ጋራዡ ግን ትንፋሽ የሚታይበት ብርድ ነው። በእንዲህ ያለ ብርድ ሙጫ አይደርቅም፤ እንደ ቀዘቀዘ ማር ይቀመጣል። ቅዳሜ ደግሞ ሳውናው፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ጎጆ፣ የሚነድበት ቀን ነው። የሳውናው የልብስ መለወጫ ክፍል ለብ ብሎ ይውላል፤ እንደ ወጥ ቤት። ዋይኖ ይህን አሰበ፤ ሂልያም ጥሩ ነው አለች። አግዳሚው ወንበር ላይ አጋደሙት።

ሳውናውን የሚያነዱት እማማ ኢምፒ ናቸው፤ የዋይኖና የሱሎ እናት፣ ዘጠና ያለፋቸው፣ ከሂልያ ጋር የሚኖሩ። ቅዳሜ ሳያነዱ የቀሩበት ጊዜ የለም፤ ሱሎ በተቀበረበት ቅዳሜ እንኳ አንድደዋል።

«እማማ» አለቻቸው ሂልያ፣ «ሙጫው እስኪደርቅ ሙቀት ስለሚፈልግ ነው እዚህ ያስቀመጥነው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ እማማ ኢምፒ።

ሂልያና ዋይኖ ወደ ቤት ገብተው ድንችና ሥጋ የታጨቀበት ፓስቲ በሉ፤ ስለ አየሩ ተከራከሩ። ከሰዓት በኋላ ፎጣቸውን ይዘው ወደ ሳውናው ሲመለሱ አግዳሚው ባዶ ነው። እማማ ኢምፒ ንጹሕ ልብስ እያጣጠፉ ደርድረውበታል።

ዋይኖ የውስጠኛውን በር ከፈተ። እንፋሎቱ ፊቱን መታው። ጠመንጃው ከላይኛው እርከን ላይ፣ ነጭ ፎጣ ተነጥፎለት፣ እንደ ሰው ተኝቷል። የጫማው ቀለም ቀልጦ ከብረቱ ላይ ወርዶ፣ ፎጣውን አጥቁሮ፣ በሳንቃው መሐል ይንጠባጠባል። የምድጃው ድንጋይ ላይ ውሃ ተረጭቶበት ገና ይንሾከሾካል።

«እማዬ» አለ ዋይኖ፣ «ምን አደረግሽ?»

«ሙቀት ይፈልጋል አላችሁ። ሰጠሁት።»

«እኮ ልብስ መለወጫው ይበቃው ነበር!»

«ያ ሙቀት ነው እንዴ? ለብ ያለ ነገር ማንን አዳነ?» እማማ ኢምፒ አልተቆጡም፤ ያስረዳሉ። «ሱሎን የወለድኩት እዚያ እርከን ላይ ነው። ሲሞትም እዚያው አጠብኩት። ጠመንጃው ከእሱ በልጦ ነው?»

በእሳቸው ዘንድ ሳውና ያላሻለው ነገር ቀድሞውንም የሞተ ነው።

ብረቱን በፎጣ ይዘው አወጡት። ብሎኖቹን ፈቱ። ሳቡት፤ አልነቃነቅ አለ። ዋይኖ የላስቲክ መዶሻ አምጥቶ መታው፤ ደግሞ መታው። ሰሙ ሸሽቶ ሙጫው ብረቱን ጨብጧል። ምላጩ ገና አልተገጠመም፤ ብረቱ ከእንጨቱ ካልወጣ ደግሞ አይገጠምም። ምላጭ የሌለው ጠመንጃ ዱላ ነው።

ሂልያ አግዳሚው ላይ፣ የተጣጠፈው ልብስ አጠገብ ተቀመጠች። ደረቷ ውስጥ ያ የረግረጉ ዕለት የነበረው ነገር ተመለሰ። «የሱሎን ጠመንጃ ገደልኩት» አለች።

ዋይኖ ነግሬሽ ነበር ለማለት ከዚህ የተሻለ ዕድል በዘመኑ አያገኝም። አላለም። መዶሻውን አስቀምጦ ከጎኗ ተቀመጠ።

«እናቴ ናት የገደለችው» አለ። «አንቺ ተባባሪ ነሽ።»

እማማ ኢምፒ የመጨረሻዋን ካልሲ አጥፈው ቀና አሉ። «ጨረሳችሁ? ሞቆ ብቻ ከሳውና የሚወጣ ማን ነው?» አሉና በክርናቸው በሩን ገፉት። ውጭ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ያን ሰሞን የወረደው በረዶ እስከ ወገብ ተከምሯል። «ግማሹን ነው ያደረጋችሁለት።»

ዋይኖና ሂልያ ተያዩ። ብረት ሲቀዘቅዝ ከእንጨትም ከሙጫም ይልቅ ቶሎ ይኮማተራል። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሳውና ወጥተው በረዶ ክምር ውስጥ ሲንከባለሉ፣ የገዛ ቆዳቸው ሲሸበሸብ ኖሯል። ጠመንጃውን ትኩሱን እንደያዙ ወጥተው በረዶው ውስጥ ቀበሩት፤ ዋይኖ በአካፋ ደለደለበት።

ጠመንጃው እዚያ ውስጥ ሲቀዘቅዝ፣ እማማ ኢምፒና ሂልያ ሳውናቸውን ገቡ፤ ቀጥሎ ዋይኖ ገባ። እሱ ሲወጣ፣ ከጭንቅላቱ እንፋሎት እየተነሳ፣ ጠመንጃውን በአካፋው ቆፍሮ አወጣ። ሂልያ ሰደፉን አቅፋ ያዘች። ዋይኖ ከአፈሙዙ ሥር በላስቲኩ መዶሻ አንድ ጊዜ መታ። ሐይቅ ሊረጋ ሲል የመጀመሪያው በረዶ እንደሚሰነጠቀው፣ ጧ አለ፤ ብረቱም ተነስቶ እጁ ላይ ቀረ።

ጉድጓዱ ውስጥ ሙጫው ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ ሆኖ የብረቱን መልክ ይዟል። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ጥፍር የምታህል ተቦጭቃለች፤ ክብደት የማያርፍበት ቦታ ነው፣ ጉዳት የለውም። ዋይኖ አውራ ጣቱን አስኬደበት፤ መለሰው፤ እንደገና አስኬደው።

«ኮምፔንሳቶ» አለ። በዚህ ጊዜ ግን ለመሳደብ አልነበረም።

በማግስቱ የጠጠር መቆፈሪያው ጋ ወስደው ተኮሱት። የጥይቶቹን ቀዳዳ ሁሉ የማርመላታ ክዳን ይሸፍናቸው ነበር። ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ሂልያ ሆን ብላ በረንዳ ላይ አሳደረችውና ሄዳ ተኮሰች፤ የመታው እዚያው ቦታ ነው። ተመልሳ ስትመጣ፣ እማማ ኢምፒ የሱሎን የሜፕል ሰደፍ በምስማር የሳውናው ልብስ መለወጫ ግድግዳ ላይ አግድም መትተውት፣ ፎጣ ሰቅለውበት አገኘች።

«ልጅ ሆኖ ፎጣውን መሬት እየጣለ አሰቃይቶኛል» አሉ። «አሁን ይያዝ።»

ሂልያ ከት ብላ ሳቀች። ከሞተ ወዲህ በሱሎ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

መክፈቻው ዕለት እርጥብ በረዶ ይጥላል። በሌላ ጊዜ ቢሆን የሜፕሉ እንጨት እንዲህ ያለውን ቀን ጠጥቶ ያብጥ ነበር። ሂልያ ገና ሳይነጋ ማማዋ ላይ ወጣች። ዋይኖ ከማሳው ማዶ፣ ከጥዱ ጫካ በኩል ነው፤ አይተያዩም። «ይኸውና» አለችው ሱሎን፣ በሹክሹክታ፣ «ሌላ ሰው ይዤ መጣሁብህ። አትቀየም። ያንተ ጎን ይጎረብጠኝ ጀምሮ ነበር።» የተቀየመ አልመሰላትም።

ረፋድ ላይ አንድ ቀንዳም አጋዘን ከጫካው ወጣ፤ ግን አልጨረሰም። አንገቱና ጭንቅላቱ ማሳው ላይ ናቸው፤ ደረቱ ከአንድ ለጋ ጥድ ኋላ ነው። ሰደፉን አነሳችው፤ ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኗ ሳትፈልገው መነጽሩ ውስጥ ገባ። ባለፈው ዓመት የተኮሰችው እንዲህ ባለው ላይ ነው፤ አንገቷን መዝዛ፣ እንዳያመልጠኝ ብላ፣ በቅርንጫፍ መሐል። ጣቷን ከምላጩ አራቀች። «ከሄደ ይሂድ» አለች።

አጋዘኑ ቆመ። ጆሮውን አዞረ። ከዚያ ተራመደ፤ ደረቱ ከጥዱ ወጣ። ምላጩን ሳበች።

እቆመበት ወደቀ። አልተነሳም፤ አልተፈራገጠም። ሂልያ ሌላ ጥይት አጉርሳ ጠበቀች፤ የሚተኮስበት ነገር አልነበረም። ከማማው ወርዳ አጠገቡ ተንበረከከች፤ ጓንቷን አውልቃ እጇን አንገቱ ላይ አኖረች። ስቃይ አልነበረም። ዓመት ሙሉ ተሸክማው የከረመችው ነገር ከላይዋ ሲወርድ ተሰማት።

ከኋላዋ በረዶው ላይ የሚንሻተት ነገር ድምፅ ሰማች። ዋይኖ ነው። የእጅ ባትሪ አልያዘም፤ በገመድ የሚጎተተውን ሥጋ መጫኛ ተንሸራታች እየሳበ ነው የመጣው።

«ማን ጠራህ?» አለችው።

«ሁለተኛ ጥይት ይሰማል ብዬ ጠበቅሁ» አለ። «ሲቀር ተነሳሁ።»

አጋዘኑን አየ። ጥይቱ የገባበትን አየና ራሱን ነቀነቀ። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ቀንዱ ላይ ማሰር ጀመረ፤ ቀና ሳይል፣ «ጠመንጃሽን አራግፊና ያዢ፤ እኔ እስባለሁ» አላት።

እስከዚያ ጠዋት ድረስ የሱሎ ጠመንጃ ነበር፤ በእሱም አፍ፣ በእሷም አፍ። ሂልያ ጥይቱን አራገፈች። ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ማሳውን ሲያቋርጡ፣ እሱ ፊት ፊት እየሳበ፣ እሷ ከኋላ፣ እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። ዋይኖ ሰምቷታል። ዘወር አላለም፤ ያንንም ለማንም አልተናገረም።